የንስሐ አባቴ የሚመጡት ለበዓል ብቻ ነው፤ ከእሳቸው ምን ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ «ከምሥራቅ ጎጃም በሥራ ዝውውር ወደ ጅማ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ነርስ ነኝ። እዚህ የያዝናቸው የንስሐ አባት ጥሩ ሰው ናቸው፤ የምናያቸው ግን ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። ጸበል ረጭተው፣ ባርከውን፣ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት እናቴ ዐረፈች። መንገድ ተዘግቶብኝ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንባዬ ይቀድመኛል። ለእሳቸው እንዳልነግር አፈርኩ፤ የሚያውቁኝም አይመስለኝም። ለመሆኑ የንስሐ አባት ሥራ ምንድን ነው? ብቀይራቸውስ ኃጢአት ይሆንብኛል? ባለቤቴ ደግሞ ‹ለካህን የሚነገረው ኃጢአት እንጂ ሐዘን አይደለም› ይለኛል።»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽንም ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። እኔም እዚሁ ጅማ የማገለግል፣ የንስሐ ልጆች ያሉኝ ካህን ነኝ። የምመልስልሽ ከተማርኩትም፣ በየቤቱና በየሆስፒታሉ ካየሁትም ነው።

የባለቤትሽን ሐሳብ ላስቀድም፤ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ ይንጠለጠላልና። ብዙ ምእመን እንደ እሱ ነው የሚያስበው። ካህን ዘንድ የሚኬደው ጥፋት ሲገኝ ነው፤ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ የትዳር ኩርፊያ የዘመድና የጎረቤት ጉዳይ ነው ይባላል። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን እንዲህ አላስተማረም። የመልእክቱን ምዕራፍ 5 ከቁጥር 13 ጀምራችሁ አብራችሁ አንብቡት። መጀመሪያ የሚያነሣው መከራ የሚቀበለውን ነው። ቀጥሎ ደስ ያለውን። ከዚያ የታመመውን፤ ለታመመውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይጠሩለት፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ኃጢአት የሚጠቀሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም «ሠርቶ እንደ ሆነ» ተብሎ። ስለዚህ ካህኑ ወደ አንድ ቤት ሲጠራ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰውዬውን ነው፤ ጥፋት ካለ ከሰውዬው ጋር አብሮ ይመጣል። ባለቤትሽ ክፉ አላሰበም። ንስሐ ትልቅ ምሥጢር ስለሆነ በተራ ወሬ እንዳይረክስ ፈርቶ ይሆናል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ሐዘን ግን ተራ ወሬ አይደለም።

«ቀብሯ ላይ አልደረስኩም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ንስሐ አባት ቢሆንም እንቅልፍ የነሣሽ ይሄ ይመስለኛል። በግልጽ ልንገርሽ፤ መንገድ ተዘግቶብሽ ከቀብር መቅረትሽ ኃጢአት አይደለም። ቀኖና የሚሰጥበት ነገርም አይደለም። ሆድሽን የሚበላሽ ጸጸት ሁሉ የበደል ምልክት እንዳይመስልሽ፤ አንዳንዱ ጸጸት ፍቅር ነው፣ የሚሄድበት አጥቶ ነው የሚመለስብሽ። ይህን ከዚያ መለየት ከንስሐ አባት ሥራዎች ዋነኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ብቻውን ሲቀር ሁለቱን ይቀላቅላል። ያልበደለውን እየተናዘዘ የበደለውን ይረሳል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታ ወዳጁ አልዓዛር ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው ቢታንያ የደረሰው። ማርታ መንገድ ድረስ ወጥታ «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ይህ ወቀሳ ነው፤ የጨነቀው ሰው ወቀሳ። እሱ አልገሠጻትም። ስለ ትንሣኤ ነገራት፤ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ደግሞ እሱ ራሱ አለቀሰ። ካህን የሚቆመው በዚህ ጌታ ስም ነው። ማርታ ለጌታ የተናገረችውን ዓይነት ቃል አንቺም ለንስሐ አባትሽ ብትናገሪ ድፍረት አይሆንብሽም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የእስራኤልን እረኞች የሚወቅስበትን ቃል እኛ ካህናት በፍርሃት ነው የምናነበው። የደከመውን አላጸናችሁም፣ የታመመውን አላከማችሁም፣ የተሰበረውን አልጠገናችሁም፣ የባዘነውን አልመለሳችሁም፣ የጠፋውን አልፈለጋችሁም ይላል። ልብ በይ፣ አልቀደሳችሁም ወይም አልዘመራችሁም አላለም። ወቀሳው በሙሉ ስለ ሰው ነው። ጌታም ስለ መልካም እረኛ ሲናገር በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፣ ያውቃቸዋል፣ እነሱም ያውቁታል ብሏል። አንቺ «የሚያውቁኝ አይመስለኝም» ስትዪ የነካሽው ይህን ነው፤ ቅሬታሽ ትንሽ አይደለም። የንስሐ አባት ሥራ ተቆጥሮ የሚያልቅ ባይሆንም ሁሉም የሚነሣው ከማወቅ ነው። ያላወቀውን ሰው ሊመክር፣ ያላወቀውን ሕመም ሊያጽናና አይችልም።

ኑዛዜውን ራሱን እንይ። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ወይም ዐፀዱ ውስጥ ዛፍ ሥር ትቀመጣላችሁ። ካህኑ መስቀሉን ይዞ ያዳምጣል። አንቺ የምታስታውሺውን ትናገሪያለሽ፤ እሱ ከወሬው ይልቅ ሥሩን ነው የሚጠይቅሽ። መቼ ጀመረ? ከማን ጋር ስትሆኚ ይብሳል? የበደልሽው ሰው አለ፣ ታርቀሻል? ከዚያ ቀኖና ይሰጥሻል። ጸሎት፣ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት፣ የሰው ገንዘብ ከተወሰደ መመለስ፣ ተጣልተሽ ከሆነ ዕርቅ። በመጨረሻ የፍትሐት ጸሎት ደግሞልሽ፣ በመስቀሉ ባርኮሽ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይልሻል። ቀኖናው የበደል ዋጋ አይደለም፤ ዋጋውን ጌታ በመስቀል ከፍሎታል። ቀኖና ማገገሚያ ነው። አንቺ ነርስ ነሽ፤ መድኃኒት በሰውየው ዕድሜና ኪሎ እንደሚለካ ታውቂያለሽ፤ ቀኖናም እንደዚያው ይለካል። የሌሊት ተረኛ ሆና ሲነጋ ወደ ቤቷ የምትገባ ነርስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ፣ በቀን ይህን ያህል ስገጂ ብትባል ወይ ትታመማለች ወይ ትተወዋለች። የሚያውቃት አባት ግን ይመዝናል፤ ምናልባት ከተረኝነት በፊት አንድ የዳዊት መዝሙር፣ ለማትከፍል በሽተኛ የሚሆን ትንሽ ምጽዋት ያዛታል። ካህኑ ይህን እንዲያደርግ ግን የሌሊት ተረኛ መሆንሽን ማወቅ አለበት።

ኑዛዜ የሰማ ካህን ምሥጢሩን ለማንም፣ ለገዛ ሚስቱም ቢሆን፣ አያወጣም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን አጥብቆ ይከለክላል። ሴቶች እኅቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚያፍሩት ከዚህ ፍርሃት ነው፤ ጅማም ሰው በሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የነገርሽው በሰፈር ሲወራ ከሰማሽ ያ ካህን በደል ፈጽሟል፤ አንቺ አይደለሽም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች ባይወዱልኝም። የንስሐ አባት የልፋቱ መጨረሻ ሰውን ወደ ሥጋ ወደሙ ማድረስ ነው። ዓመት በዓመት ቤት እየመጣ፣ ጸበል እየረጨ፣ አንድም ቀን «ለምን አትቆርቡም?» ብሎ ያልጠየቀ አባት ከሥራው ዋናውን አስቀርቷል። ወጣት ባለትዳሮች ሆናችሁ «ስናረጅ እንቆርባለን» የምትሉም ካላችሁ የዘገየው ካህኑ ብቻ አይደለም። ይህን ጥያቄ እናንተ ራሳችሁ አንሡለት።

ዲያቆን ሳለሁ አንድ አረጋዊ ካህንን ተከትዬ ሕሙማን ልጠይቅ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ከቡና አገር፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ዘንድ ገባን። ከመጡ ጀምሮ ከሰው ጋር አይነጋገሩም፣ ምግብም አይቀምሱም ተብሎ ነበር የተጠራነው። እኔ ጸሎቱ እንዲጀመር መጽሐፉን ገልጬ ቆሜያለሁ። አባ ግን አልጀመሩም። በርጩማ ስበው ከአልጋው ራስጌ ተቀመጡ፣ የሽማግሌውን እጅ ያዙ፣ «የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ» አሏቸው። ነገሯቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ማንን ናፈቁ?» አሏቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው ነው በመሬት ወሰን ተጣልተው ለዓመታት ያልተነጋገሩት ወንድም እንዳላቸው የተናገሩት። አባ ያን ዕለት ቀንዲል፣ ማለት ለሕሙማን ዘይት እየቀቡ የሚጸለየውን ጸሎት፣ አላደረጉም። በማግሥቱ ባጃጅ ይዘው፣ ከዚያ በጭቃ በእግር ሄደው ወንድማቸውን ይዘው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ አልተያዩም፤ አባም አላጣደፏቸውም። የቀንዲሉ ጸሎት የተደረገው ወንድማቸው የበሽተኛውን ራስ ደግፎ ይዞ ነው። የተማርኩት ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ «ማንን ናፈቁ?» የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ሕሙማን ስጠይቅ ከአፌ አይለይም።

«ታዲያ የእኔ አባት ለምን እንዲህ አያደርጉም?» ትዪኝ ይሆናል። ስለ እሳቸው አልፈርድም፤ አላውቃቸውም። ጅማ ላይ የማየውን ግን ልንገርሽ። ከተማችን የመጪ አገር ናት። የመንግሥት ሠራተኛው ከጎጃምም ከሸዋም ከወለጋም በዝውውር ይመጣል፤ ነጋዴው ቡና ተከትሎ ይመጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ግቢ ጉባኤ ገብቶ የንስሐ አባት ይይዛል፣ ተመርቆ ይሄዳል። የብዙው ሰው ልብ የቀረው አገር ቤት ካለው የነፍስ አባቱ ዘንድ ነው። እዚህ ያለውን ካህን ለጸበል ርጭትና ለክርስትና ብቻ ይፈልገዋል፤ ካህኑም ቀስ በቀስ እንደተፈለገው ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር ቡና ሲለቀም ደግሞ ግማሹ ምእመን በየገጠሩ ይበተናል። አንድ ካህን የሚይዛቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ቀብርና ፍትሐት፣ ክርስትና፣ ቅዳሴ፣ ማኅበር እየተደራረበ ጠዋት የወጣ ማታ ነው የሚገባው።

ሌላው ትምህርታችን ነው። በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤት፣ በቅዳሴ ቤት ለዓመታት እንቀመጣለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህ ባይኖር ቤተ ክርስቲያን ባዶ ትሆን ነበር። ሐዘንተኛ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥን ግን ብዙዎቻችን የተማርነው ከጉባኤ ሳይሆን ከአንድ ደግ አረጋዊ ነው፤ አረጋዊ ያልገጠመው ሳይማረው ይቀራል። አንዳንዱ ካህን ሐዘን ያየበት ቤት ገብቶ ወዲያው ጥቅስ የሚደረድረው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ነው። በቋንቋም በኩል ጉድለት አለብን። በአፋን ኦሮሞ አልቅሶ በአማርኛ ተናዘዝ የሚባል ሰው ግማሹን ነው የሚናገረው። በሁለቱም ቋንቋ ኑዛዜ የሚሰሙ ካህናት ሊበዙልን ይገባል።

ኑሮውም አለ። የካህኑ ደመወዝ ቤተሰቡን ካልበቃው ዓይኑ ወደ ፍትሐትና ወደ በዓል ስጦታ መሄዱ አይቀርም፤ አለመጥራትሽንም አለመፈለግ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ካህናትና ምእመናን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ጭምር፣ በአንድ ላይ ተቀምጠው የአጥቢያውን አገልግሎትና የአገልጋዩን ኑሮ እንዲያስቡ ነው። አንቺም ባለቤትሽም አባል ናችሁ፤ ወርሃዊ አስተዋጽኦ መክፈል ብቻ አይደለም፣ ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ «ካህናቶቻችን ሕሙማንን የሚጠይቁበት ቀን ይመደብልን» ማለት ትችላላችሁ። ይህን ምእመን ሲጠይቅ ይሰማል። ካህኑ ራሱ ሲጠይቅ የግል ጉዳዩ ይመስላል።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ከመቀየርሽ በፊት አንድ ጊዜ ንገሪያቸው። ካልነገርሻቸው አያውቁም፤ ለእንቁጣጣሽ የመጡ ለት ፈገግ ብለሽ ቡና አፍልተሽ ነው ያገኙሽ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ለመሳለም በሚጋፋው ሕዝብ መካከል አትሞክሪው፤ አይሆንም። በሥራ ቀን ጠዋት የኪዳን ጸሎት ሲያበቃ ወይም ከሰርክ ጸሎት በፊት ሂጂ። በጾም ወራት በሥራ ቀን የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ይሻላል። ደውለሽም ቢሆን እንዲህ በያቸው፦ «አባ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደኅና አይደለሁም። ለኑዛዜም ለምክርም የምፈልግዎ ነገር አለ፤ ከበዓል ውጪ አንድ ሰዓት የሚሰጡኝ መቼ ነው?» ይህን ያህል ይበቃል። ዝርዝሩን በስልክ አትንገሪ። ሰላምታና ምክር በስልክ ይሆናል፤ ኑዛዜና ፍትሐት ግን ፊት ለፊት፣ መስቀል ባለበት ነው። ብቻሽን መቀመጥ ከከበደሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ውስጥ፣ ሰው እያየ ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ተቀመጡ፤ ሥርዓቱም ይህ ነው።

ስትገናኙ እንባ ከቀደመሽ አትጨነቂ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ከቀብር መቅረትሽን ንገሪያቸው። ከእናትሽ ጋር ሳትጨርሱት የቀረ ነገር ካለ፣ ያልጠየቅሽው ይቅርታ፣ ያላክሽው ገንዘብ፣ ያልመለስሽው ስልክ፣ እሱንም ንገሪ። በደል የሚሆነው ካለ እሳቸው ይለዩልሻል። አብረሽ የተሸከምሽው የእሷ ቅሬታ ካለም አትደብቂው፤ የሞተን ሰው ይቅር ማለትም አለና።

ከዚህ በኋላ ጊዜ ባይሰጡሽ፣ ወይም ሰምተው «ተይው፣ ሁሉም ሟች ነው» ብለው ቢያልፉሽ፣ ያኔ መቀየር ትችያለሽ። ኃጢአት አይደለም። በዝውውር ሲራራቁ፣ አባት ሲያርፉ ወይም ሲደክሙ፣ አለመግባባት ጸንቶ ነፍስ የማትጠቀምበት ደረጃ ሲደርስ መቀየር ያለ ነው። ኃጢአት የሚሆነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ የተሰጠሽ ቀኖና ስለከበደሽ ቀላል የሚሰጥ ፍለጋ መዞር። ሁለተኛው፣ ለአንዱ ግማሹን ለሌላው ግማሹን እየነገሩ ሁለት አባት መያዝ። ስትለዪም ተሰናብተሽ ተለዪ፦ «አባ፣ ስላገለገሉን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በዚህ ምክንያት ሌላ አባት ልንይዝ ነው፤ ይባርኩንና ያሰናብቱን።» ሳይነገራቸው በራቸው ላይ የሚቀር ልጅ ካህንን ያሳዝናል፤ ለምን እንደተተዉ ሳያውቁም በሌላው ቤት ያንኑ ይደግሙታል።

አዲሱን ስትመርጪ ድምፀ መልካሙን ወይም በስብከት የታወቀውን አትፈልጊ። በዕድሜ የበሰሉ፣ ቤታቸው የተከበረ፣ የሰው ስም የማያነሡ ይሁኑ። ሰፈርሽም ቅርብ ይሁን፤ ቦሳ የምትኖር ሴት የጅሬን ካህን ብትይዝ ክረምት ሲገባ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ አልጠየቅሽኝም፤ ሌሎች አንባቢዎች ግን ይህን ሲያነቡ በልባቸው መጠየቃቸው አይቀርም። ለኑዛዜ ክፍያ የለም። ጌታ «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ» ብሏል፤ ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ የመጣውን ሲሞንን ቅዱስ ጴጥሮስ እንዴት እንደገሠጸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አለ። በበዓል የምትሰጪው ልጅ ለአባቷ የምትሰጠው ነው፤ ከጎደለሽ አትስጪ፣ በሩንም አትዝጊባቸው። ገንዘብ የለንም ብለው ካህኑ ሲመጣ የሚደበቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህን ስሰማ ልቤ ይሰበራል። እንዲህ እንዲሰማቸው ያደረግነው እኛ ነን።

ስለ እንቅልፍሽ ደግሞ ካህን ብሆንም ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። እናትሽ ያረፈችው ክረምት ከሆነ ወራት አልፈዋል። ለወራት አለመተኛት፣ በገቡበት ሁሉ ማልቀስ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው፤ አንቺም በሙያሽ ለሌላ ሰው ይህንኑ ትዪ ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የሥራ ባልደረቦችሽ እንዳያዩሽ ማፈርሽ ይገባኛል፤ ቢሆንም ሂጂ። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ለባለቤትሽ ነግረሽ ያንኑ ዕለት ሂጂ። ሕክምናው ጸበል ከመጠጣት አይከለክልሽም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ምእመናን ለጸበል ብለው ሲያቋርጡ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጋጩም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። መድኃኒት አቁሚ የሚልሽ ካህን ቢገጥምሽ ከክህነት ሥልጣኑ ውጪ ነው የተናገረው፤ አትስሚው። ሐኪሙ እንቅልፍሽን ያክማል፤ ካህኑ ደግሞ ሐኪሙ የማይጠይቅሽን ይጠይቅሻል።

እናትሽን በተመለከተ፣ አርባዋና ሰማንያዋ አገር ቤት ወጥቶ ይሆናል፤ አንቺ ባለመገኘትሽ ግን የአንቺ ድርሻ አልቀረም። የክርስትና ስሟን በወረቀት ጽፈሽ ለአጥቢያሽ ካህን ስጪ፤ መንፈቋ ሲደርስ እዚሁ ጅማ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላታል፣ በቅዳሴም ትታሰባለች። ድግስ ግድ አይደለም። ለነዳያን ጥቂት ዳቦና ጠላ ካቀረብሽ በቂ ነው፤ የተዝካር ዕዳ ገብተሽ እናትሽን አታስደስቻትም። ቦታው ጎጃም አይደለምና አይደርሳትም ብለሽ አታስቢ፤ ጸሎት መንገድ አይዘጋበትም።

ለቅሶ ሳትቀመጪ ቀርተሽም ከሆነ፣ ማለት አገር ቤት ደርሰሽ ቶሎ ተመልሰሽ ወዲያው ሥራ ገብተሽ ከሆነ፣ ለእድርሽ ንገሪ። ጅማ ላይ ይህ በረከት አለን፤ ለቅሶ ቤት ሙስሊሙ ጎረቤትም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ቡናውን ማን እንዳፈላው ማንም አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛዋን ከእኔ በፊት ያጽናናት፣ ቀድሞም «ይቺ ልጅ ደኅና አይደለችም፣ ይጠይቋት» ብሎ የነገረኝ ሙስሊም ጎረቤቷ ነው። ቢዘገይም አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶችሽ ይሰብሰቡልሽ፤ የንስሐ አባትሽንም ጥሪያቸው፤ እዚያው ስለ እናትሽ አውሪላቸው። ካላወቁሽ የሚያውቁሽ ያኔ ነው።

በመጨረሻ የቤታችሁ ነገር። ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ቢኖራችሁ መልካም ነው፤ ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሲቆርቡ አብሮ የሚያዘጋጅ እሱ ነውና። ስለዚህ መቀየሩ ቢመጣ ብቻሽን አትወስኚ፤ ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ፣ የያዕቆብንም ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። እሱ ካልፈለገ አታስገድጂው፤ ለጊዜው አንቺ ብቻ ብትይዢ ይቻላል። ልጆች ካሏችሁ ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ኑዛዜ አያስፈልጋቸውም፤ ሰባት የሞላቸውን ግን ለአባታችሁ በስማቸው አስተዋውቋቸው፤ የሚፈሩትንና የሚወዱትን ነገር ከአሁኑ ይወቁላቸው።